ጠግባ የምትከሳ ላም

በሚያዝያ ወር ወደ ደጋው የገጠር መንደሮች ብቅ ያለ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። በየጓሮው የጭድ ክምር አለ። ላሟ ከጠዋት እስከ ማታ ከክምሩ ትነጫለች፣ ታመሰኳለች፣ ሆዷም ተወጥሮ ይታያል። ሆኖም የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ወተቷም ጥጃዋን በወጉ አያጠግብም። አንዱ «ዝርያዋ ነው» ይላል፣ ሌላው የሆድ ትል ይጠረጥራል፣ ሦስተኛው ሸጦ ሌላ ለመግዛት ያስባል። የሁለቱ ጥርጣሬ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው እዚያው ክምሩ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020/21 በተደረገው አገር አቀፍ የናሙና ጥናት የቀንድ ከብቱ ቁጥር 70 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አንዲት የአገር ውስጥ ዝርያ ላም የምትሰጠው ወተት ግን በቀን በአማካይ 1.5 ሊትር አካባቢ ነው። እነዚህ ከብቶች ከሚበሉት ከግማሽ በላዩ ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። ሆን ተብሎ ተዘርቶ ወይም ተተክሎ የሚመረት መኖ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለጤፉ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ የሚያርስ ገበሬ ለላሙ መኖ መዝራት ገና እንግዳ ነገር ሆኖበታል። መኖ ዝሩ የሚለው ምክር ለዓመታት ተሰብኳል፤ የተሰበከው ግን በአብዛኛው ብዙ ሣር ስለማምረት ነው። ጠባብ መሬት ላለው ገበሬ መጀመሪያ የሚያዋጣው ሌላ ነው፦ ፕሮቲን ያለው መኖ በጥቂቱ ዘርቶ፣ ያለውን የጭድ ክምር ለላሙ የሚረባ ማድረግ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የላሟን ሆድ ማወቅ ያሻል። ላም፣ በግና ፍየል ጭዱን የሚያብላሉት ብቻቸውን አይደለም። በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ የጭዱን ጠንካራ ክር የሚሰባብሩት እነዚህ ናቸው። ላሟ የምትኖረው እነሱ ካብላሉት ነገር ነው፤ ራሳቸው ተሕዋስያኑም ወደ አንጀት ሲወርዱ ለእሷ ምግብ ይሆናሉ። ተሕዋስያኑ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጂን ይፈልጋሉ፣ ናይትሮጂኑም በዋናነት የሚመጣው ከመኖው ፕሮቲን ነው። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ሲወርድ ተሕዋስያኑ ይመናመናሉ። ያኔ ጭዱ ሳይብላላ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ቦታው ስላልተለቀቀ ላሟ ተጨማሪ መብላት አትችልም። ሆዷ የተወጠረው የገባው አልወርድ ብሎ ነው እንጂ ጠግባ አይደለም።

የስንዴና የገብስ ገለባ ፕሮቲን ከመቶ 3 ወይም 4 ነው። የጤፍ ጭድ ከእነሱ ሻል ይላል፤ ከብቱ እሱን የሚመርጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ 7 አይደርስም።

እስቲ በቁጥር እንየው። 250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የአገር ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ስድስቱም ኪሎ ፕሮቲኑ ከመቶ 4 የሆነ ገለባ ከሆነ የምታገኘው ፕሮቲን 240 ግራም ነው። ከመቶ 7 ለመድረስ ግን 420 ግራም ያስፈልጋታል። አሁን ከገለባው 1.5 ኪሎ ቀንሰን በምትኩ 1.5 ኪሎ የደረቀ ቬች፣ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ የመኖ ሐረግ፣ እንስጣት። ቬች በአበባው ጊዜ ታጭዶ በወጉ ከደረቀ ከመቶ 18 ያህል ፕሮቲን ይኖረዋል። ከ4.5 ኪሎ ገለባ 180 ግራም፣ ከቬቹ 270 ግራም፣ በድምሩ 450 ግራም ሆነ። ላሟ መስመሩን ተሻገረች። ጥቅሙ ከቬቹ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ተሕዋስያኑ ሲበረቱ ገለባውም ይብላላል፣ ጨጓራው ቶሎ ቶሎ ይለቃል፣ ላሟም ከበፊቱ አብልጣ ትበላለች። ጥቂቷ ቬች ለክምሩ እንደ እርሾ ናት።

ይህን ለአምስት የበጋ ወራት ለመቀጠል 225 ኪሎ ደረቅ ቬች ይበቃል። ከሄክታር 40 ኩንታል ደረቅ መኖ ቢገኝ፣ ያውም ዝናቡ ደህና ከሆነ ብዙ የማይባል ምርት ነው፣ ለአንዲት ላም የሚያስፈልገው መሬት 560 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ አራት ላሞች በጋውን ይሻገሩበታል። የላሙን የዓመት ቀለብ በሙሉ በዘራሁት ሣር እሸፍናለሁ የሚል ሰው ግን ለአንዷ ብቻ 22 ኩንታል ገደማ ደረቅ መኖ ማምረት አለበት፤ ለዚያ የሚሆን መሬት ያለው ገበሬ በደጋው ጥቂት ነው።

ይህ ሂሳብ የአገር ላምን ከክሳት የሚያድን፣ ጥቂት ወተትም የሚጨምር ነው። በቀን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚጠበቅባት ድቅል ላም ፍላጎቷ እጥፍ ያህል ስለሆነ ጥሩ ለምለም መኖ፣ በዚያም ላይ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ያሻታል። ይህን ሳያዘጋጅ ድቅል ጊደር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ምክንያቱም ድቅሏ በረሃብ ጊዜ ከአገር ላም ቀድማ ትጎዳለች።

ወደ ዘሩ እንምጣ። በደጋ ለጀማሪ የሚቀለው አጃና ቬችን ቀላቅሎ መዝራት ነው። ቬች ሐረግ ስለሆነ ብቻውን ሲዘራ መሬት ላይ ይተኛል፣ ከሥሩም ይበሰብሳል፤ አጃው ቀጥ ብሎ ይደግፈዋል። ቬቹ ደግሞ እንደ ባቄላና አተር ሥሩ ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዝ መኖውን በፕሮቲን ያበለጽጋል፣ መሬቱንም ለሚቀጥለው ሰብል ያሻሽላል። የተለመደው መጠን ለሄክታር 75 ኪሎ አጃና 25 ኪሎ ቬች ነው። ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፤ የአጃው ፍሬ ወተት ሲይዝና ቬቹ ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ በሦስት ወይም በአራት ወር ግድም፣ ይታጨዳል። በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ እነዚህን መኖዎች ለገበሬው ሲያስተዋውቅ ነበር፤ የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለዓመታት ሲሠራባቸው ኖሯል። ስለዚህ በአገራችን አፈርና አየር የተፈተነ ነገር ነው።

ቬቹን ለመዝራት የግድ ከእህል መሬት መቀነስ አያስፈልግም። በቆሎው ሁለተኛ ሲታረም በመስመሮቹ መካከል ቬች ወይም ላብላብ የሚባለውን የመኖ ሐረግ መዝራት ይቻላል፤ በቆሎው ተሸልቅቆ ሲያልቅ ሐረጉ ገና ለምለም ሆኖ ይገኛል፣ አገዳውና ሐረጉም አብረው ይታጨዳሉ። እርጥበት በሚይዘው ጥቁር መሬት ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚደርስ ሰብል ከተነሣ በኋላ፣ ሽምብራና ጓያ እንደሚዘራው ሁሉ፣ ቬች በቀረው እርጥበት ይበቅላል።

መስኖ ያለው ሰው አልፋልፋን ቢመርጥ አይሳሳትም። አንዴ ከተዘራ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል፤ ውኃ ካገኘ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ይታጨዳል፣ ፕሮቲኑም ከመቶ 20 አካባቢ ነው። ነገር ግን አሲዳማ አፈር አይወድም፣ ውኃ በሚተኛበት ቦታም ሥሩ ይበሰብሳል። ውኃ የሚጠጣውም በብዛት ነው። ሳዑዲ አረቢያ በከርሰ ምድር ውኃ አልፋልፋ ስታመርት ኖራ፣ ውኃው እየተሟጠጠ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለምለም መኖ ማምረት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቆም ወሰነች። ትልቁ የወተት ኩባንያዋ አልማራይ ከዚያ አስቀድሞ በ2014 በአሜሪካ አሪዞና መሬት ገዝቶ አልፋልፋውን በመርከብ ማስመጣት ጀምሮ ነበር። የእኛ ገበሬ ለሁለት ላም የሚሆን ጥቂት መደብ ቢያጠጣ ምንጩ አይነጥፍም፤ በጅረት ዳር በሰፊው ለገበያ ላምርት የሚል ግን አስቀድሞ የታችኛውን ተጠቃሚ ቢያስብ ይበጃል።

አልፋልፋ ሌላም አደጋ አለው። ጤዛ እንዳረገዘ ለተራበች ላም በብዛት ሲሰጥ ጨጓራው ውስጥ አረፋ ይሠራና ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ግራ ጎኗ ይነፋል፣ በሰዓታት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ አጭዶ ለግማሽ ቀን ማጠውለግ፣ ቀድሞም ጭድ ማብላት ያስፈልጋል። አደጋን ካነሣን አይቀር፣ በድርቅ ተጎድቶ ዝናብ ሲያገኝ ዳግም የሚያቆጠቁጥ ለጋ ማሽላም ከብት ይገድላል፤ ቡቃያው ውስጥ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ሳያናይድ ይለወጣል። የቆላ ገበሬዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከጉልበት በላይ ሳያድግ ከብት ማስገባት አይገባም።

መስኖ ለሌለው ሰው ዛፍ የአልፋልፋን ቦታ ይተካል። ሰስባንያ፣ ሉኪንያና የእርግብ አተር ለወይና ደጋና ለቆላ ይስማማሉ፤ ለብርዳማው ደጋ ትሪ ሉሰርን የሚባለው ይሻላል። ሥራቸው ወደ ታች ስለሚዘልቅ ሣሩ ሁሉ በሚደርቅበት በመጋቢት ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ከቅጠሉም ከመቶ 20 በላይ ፕሮቲን ይገኛል። በአጥር ዳር በመስመር ተተክለው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ላይ ሲቆረጡ ደጋግመው ያቆጠቁጣሉ። ከብቱ ቅጠሉን ከበላ በኋላ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል፤ ወደዚህ ጥቅም በኋላ እመለሳለሁ። ሉኪንያ ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ከዕለት መኖው ሲሶ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ከበዛ ፀጉር ይረግፋል፣ እንቅርትም ያመጣል። በአውስትራሊያ ከብቶች በዚህ ሲጎዱ፣ ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ የሃዋይ ፍየሎች ግን ምንም እንደማይሆኑ አስተዋለ። በፍየሎቹ ጨጓራ ውስጥ መርዙን የሚያመክን ባክቴሪያ ተገኘ፤ ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ጨጓራ ሲዛወርም ከብቶቹ ዳኑ። ባክቴሪያው ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ስለ ሣር የተናገርኩት ሣር አትትከሉ ለማለት አይደለም። መሬትን የሚይዝ ሣር በሌለበት እርከኑ ራሱ ይናዳል። ለዚህ ከደሾ የሚሻል በቀላሉ አይገኝም። ደሾ የአገራችን ሣር ነው፤ ስሙ የገነነው ከጋሞ ከፍታዎች፣ ከጨንቻ አካባቢ ነው። ዘር አይፈልግም፤ ከጎረቤት ሥሩን ገንጥሎ በእርከኑ ጫፍ ላይ በዝናብ መጀመሪያ መትከል ይበቃል። አፈሩን ያቆማል፣ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላም ይታጨዳል። የዝሆን ሣር ደግሞ እርጥበትና ለም አፈር ባለበት በምርት ብዛት የሚስተካከለው የለም። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁለቱ አንጓ ተቀብሮ፣ አንዱ ከላይ ቀርቶ ይተከላል። ውርጭ ግን ያቃጥለዋል።

በዝሆን ሣር የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ማስረጀት ነው። ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ ዓይን ይሞላል፣ ባለቤቱም ይኮራበታል፤ ግንዱ ግን እንጨት ይሆናል፣ ፕሮቲኑም እየወረደ ከጭድ ጋር ይተካከላል። አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ቢታጨድ ክብደቱ ያንሳል፣ የላሟ ጥቅም ግን ይበልጣል። በድርቆሽም ያለው ነገር ይኸው ነው። በሱሉልታና በሰላሌ ሜዳዎች ሣሩ በብዛት የሚታጨደው ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በመስከረም የታጨደ ሣር ዝናብ ከመታው ይሻግታል። ሆኖም በየሳምንቱ መዘግየት የሚጠፋው ብዙ ነው። በተለይ ማገጥ፣ ያ በመስከረም ሜዳውን በአበባ የሚያለብሰው የዱር ጥራጥሬ፣ ቀድሞ ደርቆ ይረግፋል። አገራችን ከ20 በላይ የማገጥ ዓይነቶች ያሏት፣ አንዳንዶቹም ከዚህ በቀር የማይበቅሉባት ናት፤ ማገጥ የበዛበት ሜዳ ያለው ሰው ሳይዘራ የበቀለለት የፕሮቲን መኖ አለው። አየሩን አይቶ፣ ፀሐይ በበዛባቸው ቀናት ከሜዳው ጥቂቱን ቀድሞ ማጨድ፣ በቆጥ ላይ አንጠልጥሎ ማድረቅና ለምታጠባ ላም ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ምንም መሬት ለሌለው አንድ መንገድ ይቀራል። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ማዳበሪያ በ80 ሊትር ገደማ ውኃ በደንብ አሟሙቶ፣ ገለባውን በየንብርብሩ እያርከፈከፉ መጠቅጠቅ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ለሦስት ሳምንት ማፈን፤ ከመስጠት በፊትም ሽታው እንዲወጣ አንድ ቀን ማናፈስ። ዩሪያው ሳይሟሟ ወይም በቀጥታ ከተበላ ከብቱን ይገድላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከእንስሳት ባለሙያ ጋር ሆኖ መሥራት ይገባል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አንድ ነገር ያፈርሰዋል፤ ልቅ ግጦሽ። እህሉ ከተነሣ በኋላ ማሳው የሁሉ ከብት ነው፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ ለድሃውም ጥቅም አለው። ነገር ግን በዚያ ልማድ ውስጥ አልፋልፋም፣ የትሪ ሉሰርን ችግኝም፣ ደሾም ታኅሣሥን አያልፉም። ብቻውን የተከለ ሰው ለጎረቤቱ ከብት ነው የተከለው። ይህ የሚፈታው በአንድ ሰው ብርታት ሳይሆን በመንደር ስምምነት ነው። የተስማሙ መንደሮች ተዳፋቱን ከልለው ሣሩን በድርሻ እያጨዱ ይካፈላሉ፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ስምምነቱ ሲደረግ ሁለት ነገር ሊረሳ አይገባም። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና አቅመ ደካሞች ከሣሩ ድርሻ ከሌላቸው ደንቡ አይጸናም። ከብቱ ከቤት ሲታሰር ደግሞ ሣር አጭዶና ውኃ ቀድቶ የሚያመጣለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሥራ በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መኖው ለቤት ቅርብ በሆነ ቦታ ይተከል፣ የማጨዱም ሥራ ለወንዶቹ ይከፋፈል።

አጭዶ መመገብ መሬቱንም ይነካል። የታጨደው ሣር የአፈሩን ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል፤ የዝሆን ሣር በተለይ ፍግ ካልተመለሰለት በሁለት በሦስት ዓመት ይቀጭጫል። ፍጉ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነዳል። የዛፎቹ ቅርንጫፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ምድጃው እንጨት ሲያገኝ ፍጉ ወደ ጓሮ ይመለሳል።

የመጨረሻው እንቅፋት ዘር ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ ከ18 ሺህ በላይ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎች ይዟል። ገበያ ወጥቶ የቬች ዘር መግዛት ግን ለብዙ ገበሬ አሁንም ከባድ ነው። ቬች ሲደርስ ቆባው እየፈነዳ ዘሩን ስለሚበትን ለሽያጭ ማምረቱ አድካሚ ነው። ለራስ ማቆየት ግን አይከብድም። ከመኖው ማሳ አንዱን ጥግ ሳያጭዱ መተው፣ የታችኞቹ ቆባዎች ቡናማ ሲሆኑ በጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ማጨድ፣ ሸራ ላይ አድርቆ መውቃት ይበቃል። ቬችን ብቻውን ለመዝራት ለሄክታር 30 ኪሎ ዘር ቢያስፈልግ፣ ለአንዲት ላም የሚሆነው 560 ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ አይጠይቅም።